«ደኅና ነው» ብሎ ስለ መጻፍ

ብዙ ልጆች ያሉት ክርስቲያን ቤተሰብ በየዓመቱ ስለ ልጆቹ እድገት ለዘመድ ወዳጅ ደብዳቤ ቢጽፍ መልካም ነውን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልካም ነው ከማለት በቀር ሌላ መልስ ያለውም አይመስልም። እግዚአብሔር የሰጠውን ቈጥሮ ማመስገን የቆየ የክርስቲያን ልማድ ነውና። ዳሩ ግን እኛ ይህንን ደብዳቤ ለሰባት ዓመት በእጃችን ስንጽፍ ኖረን በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን አንዲት አጭር መስመር ብዕራችንን ስለ ያዘችብን፣ ነገሩን ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች ጋር ልንመረምረው ወደድን።

አስቀድመን ስለ ደብዳቤው እንናገር። በቤታችን ዘጠኝ ልጆች ነን። (ይህን የሚጽፈው ስድስተኛው ነው፤ «እኛ» ማለታችን እንደ ጽሑፎቻችን ልማድ ነው እንጂ ዘጠኛችንም በአንድ ወረቀት ላይ ተደፍተን አይደለም።) የአባታችን ታናሽ ወንድም በ1989 ዓ.ም. በዲቪ ዕጣ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ አባታችን የልጆቹን ነገር በየዓመቱ ሊጽፉላቸው ቃል ገቡ። ያን ጊዜ ልጆቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጳጉሜን በገባች ቁጥር፣ በሦስተኛው ቀን በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ትንንሾቹ በዝናቡ ተጠምቀው ገብተው ጠጕራቸው ገና ሳይደርቅ ደብዳቤው ይጻፋል። ተጽፎ ሲያልቅም ቡና ተፈልቶ ለቤተሰቡ ሁሉ ይነበባል። አባታችን የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ስለ ነበሩ ከሥር ካርቦን አድርገው ይጽፉና ግልባጩን በሣጥን ያኖራሉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን እርሳቸው ይናገራሉ፣ እኛ እንጽፋለን። አሁን አሁን ደብዳቤው ፎቶግራፍ ተነሥቶ በቴሌግራም ይላካል እንጂ ፖስታ ቤት አይሄድም፤ ካርቦኑ ግን አልቀረም።

ልማዱ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። አጎታችን በፈረንጆች ገና ሰሞን የአንድ ጎረቤታቸውን ደብዳቤ ይልኩልናል። እነዚህ ሰዎች ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ቢሆኑም አጥባቂ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሰባት ልጆች አሏቸው። በላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ሹራብ ለብሰው የተነሡት ፎቶግራፍ አለ፤ ከሥሩ የእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ ዕድሜና የዓመቱ ወሬ ይከተላል። የታላቁ ኮሌጅ መግባት፣ የሁለተኛዋ ቫዮሊን መማር፣ የመጨረሻው ልጅ የፊት ጥርስ መውለቅ። የጥርሱን ነገር አባታችን ሦስት ጊዜ አስነብበውናል። እኛም ልብ እንዳልነው በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ እውነተኛውን መስመር የሚያገኙት ሕፃናቱ ናቸው፤ ጥርስ ለማውለቅ ፈተና የለውምና።

በታሪክ እንደሚታወቀው ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የገና ካርድ በ1843 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ ሄንሪ ኮል በተባለ ሰው አሳቢነት ታተመ፤ ሥዕሉን የሣለው ጆን ሆርስሊ ነው። በመካከል ከሽማግሌ እስከ ሕፃን አንድ ቤተሰብ በገበታ ተሰብስቦ ጽዋ ያነሣል፤ በግራና በቀኝ ደግሞ የተራበው ሲበላ የታረዘው ሲለብስ ይታያል። እንግዲህ ቤተሰብ ራሱን በወረቀት ማሳየቱ ከጥንቱም የነበረ ነው፤ ነገር ግን የጐደለባቸውም በዚያው ወረቀት ላይ ቦታ ነበራቸው። በኋላ በመጡት ደብዳቤዎች፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ግራና ቀኙ ተቈርጦ መካከሉ ብቻ የቀረ ይመስለናል።

ወደ ሣጥኑ እንመለስ። በዚያው በሩፋኤል ዕለት አባታችን ስለ አንድ ጉዳይ የቀድሞውን ዓመት ግልባጭ እንድናወጣ አዘዙን። አንዱን ስንፈልግ ሁሉንም አነበብን። ንባቡ ወደ መቍጠር አመራን፤ ምን ያህል መስመር ለማን እንደ ተሰጠ መቍጠር። ታላቃችን ሐኪም ሆኖ በተመረቀበት ዓመት ገጽ ሙሉ ይዟል። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን ጊዜ ዐሥራ አንድ መስመር አግኝተናል፤ የጻፍነውም ራሳችን ነን፤ አንዲት ቃል እንኳ አልቀነስንም፤ ይህን ስናነብ አፈርን። ሦስተኛዋ እኅታችን ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ፣ አያታችን አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ፣ በየዓመቱ ያላት ሁለት ቃል ነው፦ «ደኅና ናት»። አያታችንን የምታገላብጥ፣ እኛንም እያበሰለች ለፈተና ያደረሰች እርስዋ ናት። ከእኛ ቀጥሎ የተወለደው ወንድማችን ደግሞ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ ሁለት ቃል ብቻ አለው። ከዚያ በፊት እንዲህ አልነበረም። ስለ እግር ኳሱ፣ ስለ ቀልዱ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ከበሮ ስለ መምታቱ ብዙ ተጽፎለታል።

የሆነውን እንናገር። ወንድማችን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበር። ውጤቱ በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ሲነገር ከተፈተኑት ሁሉ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ሆኑ አገር ሁሉ ሰምቷል። ከመቶ ልጆች ዘጠና ስድስቱ ወደ ቤታቸው አንገታቸውን ደፍተው ገቡ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ቤት ግን የወደቀው አንድ የራስ ልጅ ነው እንጂ ዘጠና ስድስት በመቶ አይደለም። እኛ ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድመን ባንወለድ ኖሮ በየትኛው ወገን እንደምንቈጠር እግዚአብሔር ያውቃል። ወንድማችን ለማሻሻያው ትምህርትም አልደረሰውም፤ ጥቂት ወራት ተቀምጦ በሚኒባስ ታክሲ ረዳት ሆነ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን ደብዳቤው ሲነበብ በመካከላችን ነበረ። ስሙ ተጠርቶ «ደኅና ነው» ተብሎ ወደ ታናሽየው ሲታለፍ ስኒውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በሩፋኤል ዕለት ሥራ አይጠፋውም።

አሁን አባታችን «ስለ እርሱ ደኅና ነው በል» ሲሉን እጃችን ቆመ። ነገሩ ሐሰት ነውን? አይደለም። ልጁ ጤነኛ ነው፤ ይሠራል፤ ማታ ይገባል። በአገራችን «ልጆች እንዴት ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ሰላምታ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም፤ ማንም በዚህ አይከሰስም። ሐሰት ካልሆነ ታዲያ ምን ያስቈጨናል?

እኛም ይህንኑ ለአባታችን ደፍረን አነሣን። እንዲህ አሉን፦ «ልጄ፣ ይህ ወረቀት በዚያ አገር በስንት ሰው ፊት እንደሚነበብ አታውቅም። አጎትህ ብቻውን አያነበውም። የልጄን ገበና ባሕር ማዶ አላሰጣም።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል አንናቀው። ገበና መሸፈን ትልቅ ነገር ነው። ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ አንዱ ልጅ አይቶ ወጥቶ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው አድርገው ወደ ኋላ እየሄዱ፣ ፊታቸውን መልሰው አባታቸውን ሸፈኑ፤ ተመረቁም። ልጆች የአባታቸውን መሸፈን ከተመረቁበት አባት የልጁን ቢሸፍን እንዴት ይነቀፋል? የጐረቤት ልጅ ስለ ወደቀበት ፈተና በየቡናው የሚያወሩትን ስናይ የአባታችን ዝምታ ከእነርሱ ወሬ በብዙ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ሌላም ታሪክ አለ። ነቢዩ ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች አንዱን ለንጉሥነት ሊቀባ ወደ ቤተ ልሔም በሄደ ጊዜ እሴይ ሰባት ልጆቹን በፊቱ አሳለፈ። ሰባቱም አልተመረጡም። ነቢዩ የቀረ ልጅ እንዳለ ቢጠይቅ እሴይ ታናሹ እንደ ቀረ፣ እርሱም በጎቹን እንደሚጠብቅ ነገረው። እሴይ ስለ ልጁ አልዋሸም፤ ክፉም አልተናገረበትም። ልጆቹን በሚያሳይበት ቀን ግን ዳዊትን ማስጠራት ትዝ አላለውም። እኛ ይህን ምዕራፍ ከሕፃንነታችን ጀምረን የተማርነው ስለ ዳዊት መመረጥ ነው፤ አሁን ግን ሐሳባችን ከእሴይ ጋር ቀረ። ያን ቀን ማታ ልጁን በምን ዓይን አየው?

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ዝምታ አለ። አንዱ ልብስ ይዞ ወደ ሰውየው የሚሄድ ነው፤ ሁለተኛው ሰውየውን በሜዳ ትቶ የሚቀመጥ ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም «ደኅና ነው» ተብለው ይጻፋሉ። የኖኅ ልጆች ሲሸፍኑ ወደ ድንኳኑ ገብተዋል። እኛስ ወደ ወንድማችን ገብተናልን? ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ፈተናው በቤታችን አንድ ቃል አልተነገረም፤ ስለ ሥራውም እንዲሁ። «ዛሬ ተሳፋሪ ነበር ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ከእናታችን በቀር አላየንም። እንዲህ ከሆነ በልብሱ የሸፈንነው ማንን ነው? እርሱ በየቀኑ በመገናኛ አደባባይ ቆሞ በከፍተኛ ድምፅ ተሳፋሪ ይጠራል፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። ዕርቃናችንን የፈራነው እኛ ሳንሆን አንቀርም።

በሌላ በኩል ደብዳቤያችን በምስጋና የተሞላ ነው ተብሎ ይመለስልን ይሆናል። እውነት ነው፤ ከየመስመሩ በኋላ «ክብር ምስጋና ለእግዚአብሔር» የሚል አለ። ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል ሊጸልይ ወደ መቅደስ የወጣው ፈሪሳዊ ጸሎቱን የጀመረው በምስጋና እንደ ነበረ እናስታውስ። እግዚአብሔርን አመስግኖ ነው ሥራውን መዘርዘር የያዘው። ከጌታ ነቀፋ ያላዳነው ምስጋናው ከሌላው ሰው በመብለጡ ላይ ስለ ቆመ ነው። የታላቃችን መመረቅ የምስጋና ምክንያት አይደለም አንልም፤ እርሱ በተመረቀ ዕለት እናታችን መሬት የሳሙት ከልባቸው ነው። ምስጋናችን በምረቃ ጀምሮ በምረቃ የሚያልቅ ከሆነ ግን የምናመሰግነው ሰጪውን ነው ወይስ ውጤቱን?

በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ብዙ ልጆች ያሉት አንድ ክርስቲያን ቤተሰብ ነበረ። አባትየው ባስልዮስ፣ እናቲቱ ኤሚልያ ይባላሉ። ከልጆቻቸው ሦስቱ ጳጳሳት ሆኑ፤ ታላቁ ባስልዮስ በቂሣርያ፣ ጎርጎርዮስ በኑሲስ፣ የሁሉ ታናሽ ጴጥሮስ በሴባስቴ። የሁሉ በኵር ግን ማክሪና የምትባል ሴት ናት። እርስዋ በ379 እ.ኤ.አ. ገደማ ባረፈች ጊዜ ወንድሟ ጎርጎርዮስ ታሪኳን ጻፈ፤ የጻፈውም በደብዳቤ መልክ ነው፤ ከደብዳቤ ልክ አልፎ እንደ ረዘመበት ራሱ ይናገራል። የቤተሰብ ደብዳቤ ከሚጻፍ እንዲህ ነው ያሰኘናል። ያ ሁሉ ዓለም የሚያከብረው ባስልዮስ ከትምህርት ሲመለስ በንግግር ችሎታው ታብዮ እንደ ነበረና ወደ ትሕትና የመለሰችው እኅቱ እንደ ሆነች ሳይደብቅ ጽፎታል። ናውክራጥዮስ የተባለው ወንድማቸው በዱር ተቀምጦ ችግረኛ ሽማግሌዎችን እያደነ ሲመግብ በዚያው በአደን እንደ ሞተ፣ እናታቸውም መርዶውን ስትሰማ እንደ ወደቀች ተጽፏል። ማክሪና ራስዋ ልትሞት ስትቀርብ የቤተሰቡን ታሪክ፣ ሀብቱንም ስደቱንም፣ ከሕፃንነትዋ ጀምራ ለወንድሟ አወራችለት፤ ያወራችውም ለምስጋና ነው። ስደቱንም በምስጋናው ውስጥ እንዳስገባችው ልብ እንበል።

በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ግን አራት ሌሎች እኅቶች አሉ። እናታቸው ለየኑሮአቸው እንዳበቃቻቸው ከመነገሩ በቀር ስማቸው እንኳ አልተጻፈም። ከቅዱሳን ቤት፣ በቅዱስ እጅ ሲጻፍም ቦታ የሚያንሳቸው ልጆች አሉ ማለት ነው። ይህን ስናይ ስለ ሦስተኛዋ እኅታችን ብለን ተቈጣን፤ ግልባጮቹን ይዘን ወደ ማዕድ ቤት ገባን። እርስዋ ሽንኵርት እየከተፈች ሰማችንና ሳቀች። «እኔን ተዉኝ። ደኅና መሆኔ እውነት ነው። እናንተ ያልጻፋችሁትን እማማ በየሌሊቱ ይመርቁኛል» አለች። አያታችንን ማለቷ ነው። እንግዲህ አጭር መስመር ሁሉ በደል አይደለም፤ ይህን ከእርስዋ ተማርን። የእርስዋ «ደኅና» ሰላሟ ነው፤ የወንድማችን «ደኅና» ደግሞ ስኒ አስቀምጦ መውጣት ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን የምናውቀው ባለቤቱን ጠይቀን ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ ያልሞከርነው ይህንኑ ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እያልን እንተርታለን፤ ደብዳቤ ስንጽፍ ግን ዥንጉርጉሩን በአንድ ቀለም እንቀባዋለን።

ነገሩን የቈረጡት እናታችን ናቸው። አባታችንና እኛ ስንከራከር ጥጥ እየፈተሉ ቆይተው «ልጁ ማታ ይገባ የለ? እርሱን ጠይቁት» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኛ ሴምን፣ ዳዊትንና ማክሪናን ስንጠራ የዋልነው ይህችን ለማግኘት ኖሯል።

ወንድማችን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ገባ። በዝናብ ርሶ ነበር፤ እርሱም ሳያስበው የሩፋኤልን ጠበል ተጠምቋል። እጁን ታጥቦ በላ። ወረቀቱን አሳየነው። መጀመሪያ «እንደ ድሮው ጻፍ፣ ምን ቸገረህ» አለን። እኛም ጥቂት ዝም ብለን «አንተ ብትነግረን ይሻላል፤ ያንተ መስመር ነው» አልነው። በዚያ ጊዜ ያሳየን ፊት ቍጣ ይሁን ደስታ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ከዚያ እንዲህ እያለ አስጻፈን፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደ ወደቀ፤ አሁን ከመገናኛ ለገሃር በሚሠራ ታክሲ ረዳት እንደ ሆነ፤ የቤቱን መብራት እርሱ እንደሚከፍል፤ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት እያጠራቀመ እንደ ሆነ፤ እሑድ ጠዋት ሥራ ስለማይወጣ ከበሮውን እንዳልተወ። በመጨረሻም «አንድ ተሳፋሪ አጎቴን ይመስላል፤ ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚቀመጠው፤ ሒሳብ ስቀበለው እርሳቸው ትዝ ይሉኛል በል» አለ። «ብዙ አታስረዝም» ብሎም አዘዘን። ስድስት መስመር ሆነ።

በማግሥቱ ለአባታችን አነበብንላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደ ገና እንድናነብ አዘዙ። የመብራቱን ነገር እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር፤ እናታችን ናቸው የሚከፍሉት ይመስላቸው ነበር። ሁለተኛው ንባብ ሲያልቅ ብዕሩን ከእጃችን ወሰዱ። ለሰባት ዓመት ይዘውት አያውቁም። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ወንድማችን ባስጻፈው በስተ ግራ ባለው ክፍት ቦታ ላይ፣ ለገሃር ማለት ሁለቱ ወንድማማቾች ልጆች ሳሉ እሑድ እሑድ ባቡር ሊያዩ ይሄዱበት የነበረው እንደ ሆነ ለአጎታችን ጻፉ። ካርቦኑ ቀድሞ ተነሥቶ ስለ ነበር ያቺ መስመር በሣጥኑ ግልባጭ ላይ የለችም።